ደሴ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም

«ውሃ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል?» ተብዬ በተጠየቅኩ ቁጥር «100» ብዬ ነው የመለስኩት። ሁሌም ራይት ይደረግልኝ ነበር። አሁን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ እዚሁ ደሴ፣ እናቴ ማድ ቤት ውስጥ፣ ውሃው እየተንተከተከ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆመ። ከሰል ጨመርን። 92። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ያው 92።

ነገሩ የጀመረው የፊዚክስ መምህራችን ለአራታችን አንድ ቴርሞሜትር የሰጡን ቀን ነው። ቤተ ሙከራችን ውስጥ ሳይሰበር የቀረው እሱ ብቻ ነበር። «ደሴ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ለክታችሁ ኑ» አሉን። ሌላ ምንም አልነገሩንም።

መጀመሪያ 95 አነበብን። አንዷ ጓደኛችን ጎንበስ ብላ አየችና የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ሥር መንካቱን ነገረችን። ከፍ ስናደርገው 92 ሆነ። ክፍል ውስጥ ስንናገር ግማሹ ተማሪ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ከመጽሐፉ ይልቅ ያየሁትን ማመን ከበደኝ። መምህራችን ግን «መበላሸቱን እንዴት ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ከሱቅ በረዶ ገዝተን ሰባበርነው። መቅለጥ ሲጀምር ቴርሞሜትሩን ከተትንበት። 0 አነበበ። ጤነኛ ነው።

ከዚያ አንዱ ልጅ «ኮምቦልቻስ?» አለ። አክስቱ እዚያ ናቸው። ቅዳሜ ቴርሞሜትሩን በሻርፕ ጠቅልለን ሚኒባስ ያዝን። ሐረጎን ስንወርድ እንደተለመደው ጆሯችን ድፍን አለ። በአክስቱ ቤት፣ በዚያው ቴርሞሜትር፣ ውሃው በ94 ፈላ። ሌላ ቴርሞሜትር ብንጠቀም ኖሮ ልዩነቱ የውሃው ይሁን የዕቃው አናውቅም ነበር። አክስቱ ጉዳችንን ሲያዩ ቆይተው «እኔ ድሮም እላለሁ፣ ደሴ ንፍሮ ቶሎ አይበስልም» አሉ። ሁለቱም ከተማ ኖረዋል። ያለ ቴርሞሜትር ደርሰውበታል።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይቀንሳል። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ የሚጫነውን የአየር ግፊት ሲስተካከል ነው። የሚጫነው አየር ከቀነሰ ውሃው ብዙ ሳይሞቅ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል 650 ሜትር ገደማ አለ። እኛ ያገኘነው ልዩነት 2 ዲግሪ ነው። ሐረጎ ላይ ጆሯችንን የሚደፍነውም ይኸው የግፊት ለውጥ ነው። ስንት ጊዜ በዚያ መንገድ ተመላልሻለሁ!

መጽሐፉ አልዋሸም። «በ1 አትሞስፌር ግፊት» የምትል ሐረግ ከ100 ጎን አለች። እኛ እሷን ዘለን 100ን ሸመደድን።

ሁለተኛው ሙከራ ፔንዱለም ነበር። ድንጋይ፣ ክር፣ የስልክ ሰዓት። ክሩን 1 ሜትር ለካን፣ ድንጋዩን አወዛወዝን፣ 20 ደርሶ መልስ በ40.4 ሰከንድ ቆጠርን። በቀመሩ ስናሰላ ግራቪቲ 9.68 ሆነ። የምናውቀው 9.8 ነው። ቡድናችን ምን ሊያደርግ እንደነበር አልደብቅም። ሰርዘን 9.8 ልንጽፍ ነበር። እስክሪብቶው ተነስቶ ነበር። መምህራችን ደረሱብን። አልተቆጡም። «አብሽሩ፣ ያገኛችሁትን ጻፉ። ከዚያ የት ጋ እንደሳታችሁ ፈልጉ» አሉ። ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተከራከርን። አንዱ ሰዓቱን አዘግይተሃል አለ፣ ሌላው ንፋስ ነው አለ። በመጨረሻ ርዝመቱን የለካነው እስከ ቋጠሮው ድረስ መሆኑን አየን። ለካ መለካት ያለበት እስከ ድንጋዩ መሃል ነው! ድንጋያችን 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ግማሹን ጨምረን ደግመን ስናሰላ 9.8 ወጣ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ቁጥሩን ግን ከዚያ በፊትም አውቀው ነበር። ያ ሁሉ ደስታ ስህተታችንን ራሳችን በማግኘታችን ነው።

ከዚህ በፊት ሙከራ የምንለው ሌላ ነገር ነበር። መምህሩ ፊት ቆሞ ሁለት ፈሳሽ ይቀላቅላል። 58 ተማሪ ነን፣ ከኋላ ያለው ምንም አያይም። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል፦ ዓላማ፣ መሣሪያዎች፣ አሠራር፣ ውጤት፣ ማጠቃለያ። እንገለብጣለን። እንዲህ ያለ ስምንት ሪፖርት ደብተሬ ውስጥ አለ። አንዱም ቁጥር የኔ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ የፕላዝማ ትውልድ ነው። እነሱ ሙከራውን በቴሌቪዥን ነበር የሚያዩት፣ መብራት ሲጠፋ ሙከራውም መሃል ላይ ይቀር ነበር። መንገዱ ይለያል እንጂ እሱም እንደኔ ተመልካች ነበር።

ችግሩን አልክድም። በ2014 ዓ.ም በጦርነቱ ጊዜ ደሴም ኮምቦልቻም ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ብዙ ወድሟል። በክርና በድንጋይ የማይተካ ነገርም አለ። የሽንኩርት ልጣጭ ሴል በሥዕል እንጂ በማይክሮስኮፕ አይቼ አላውቅም። አሲድም የሚያውቅ ሰው ባለበት፣ በቤተ ሙከራ እንጂ ማድ ቤት ውስጥ የሚነካ አይደለም። ስለዚህ ዕቃ ይሟላልን። ዕቃው እስኪመጣ ግን ድስትና ክር የሌለው ቤት የለም።

መምህራንን ስንጠይቅ የምንሰማው «ፖርሽን አያልቅም» የሚል ነው። እውነታቸውን ነው። እኛ ተማሪዎችም አናግዛቸውም። አንድ ነገር ሊያሳዩን ሲጀምሩ «ቲቸር፣ ይሄ ማትሪክ ላይ ይመጣል?» እንላለን። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን የሰማ ተማሪ ቢፈራ አይፈረድበትም። ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ነው፣ እጃችን የሠራውን አይጠይቅም። ስለዚህ ሁሉም ወደ ወርክሺትና ወደ ቱቶሪያል ይሮጣል።

ሙከራ ብንሠራ ሁላችንም እናልፋለን አልልም። ግን በቀደም ወርክሺት ላይ «የፔንዱለም ርዝመት 4 እጥፍ ቢሆን የአንድ ደርሶ መልስ ጊዜው ስንት እጥፍ ይሆናል?» የሚል መጣ። ቀመሩ ጠፋብኝ። የ25 ሴንቲ ሜትሩ ክር ደርሶ መልስ 1 ሰከንድ፣ የ1 ሜትሩ 2 ሰከንድ እንደፈጀ ግን ትዝ አለኝ። 2 እጥፍ ብዬ መለስኩ። በእጄ ይዤ የቆጠርኩትን እንዴት እረሳዋለሁ?

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ከክፍል ውጤታችን 10 ነጥብ ራሳችን ለክተን ለምናመጣው ሙከራ ይሰጥ። የተሳሳተ ቁጥር ያመጣ ነጥብ አይቀነስበት፣ ለምን እንደሳተ ያስረዳ እንጂ። የገለበጠ ግን 0 ያግኝ። በሴሚስተር ሁለት ቢሆን እንኳ ይበቃል፣ ፖርሽኑን የሚወስኑት ሰዎች ለሁለት ሙከራ ቦታ አያጡም። ወሎ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ደሴ አለ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለየትምህርት ቤቱ ተማሪ በተራ ማይክሮስኮፕ ቢያሳዩን ደስታችን ነው። በእግርም ቢሆን እንመጣለን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጦሳ ተራራ ላይ ልንወጣ ነው። ድስት፣ ከሰል፣ ያቺን ቴርሞሜትር ይዘን። መምህራችን ግምታችንን ቀድመን እንድንጽፍ አዘውናል። እኔ 91 ብያለሁ፣ ጓደኛዬ 90። ወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ እሳቸው ጋ ተቀምጧል።