ከአስር ስንት?

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ሰው ክፉኛ መታመሙ የሚታወቀው «ደህና ነኝ» ማለት ሲያበዛ ነው። በኦፕራሲዮን ከወለደች ግማሽ ቀን ያልሞላት እናት ጠያቂ በር ላይ ሲቆም ነጠላዋን አስተካክላ «ተመስገን፣ እናንተስ ደህና ናችሁ?» ትላለች። ከዚያ የጠያቂውን ልጆች፣ የጠያቂውን እናት፣ ባለፈው ወር የታመመችውን ላማቸውን ሳይቀር ተራ በተራ ትጠይቃለች። ሁሉም ደህና ናቸው። የአልጋውን ብረት ጨምድዶ የያዘውን እጇን ያየ የለም።

ወደ ሕመም ማስታገሻ ቡድን በቅርቡ የተመደበው ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ሐኪም፣ ይህን ምሽግ ሊሰብር የሚመጣው በአንድ ጥያቄ ነው፤ «ዜሮ ምንም አያምም፣ አስር ደግሞ ከዚህ የባሰ የለም የሚባለው ነው። ያንቺ ስንት ነው?» እሷ ዝም። እህቷ «ስምንት ይጻፉላት» ትላለች። አማቷ «ኧረ አምስት ይበቃታል፣ አራስ ናት!» ይላሉ። አሞራ ገደል ዓሣ እንደሚገዛ ሰው ተከራክረው ስድስት ተኩል ላይ ይስማማሉ። ቻርቱ ግማሽ ስለማይቀበል ሰባት ይሆናል።

የበሰለው ሬዚደንት ቁጥሩን ይተውና «እስቲ ጋቢሽን አጥፈሽ ቁስሉ ላይ ደግፈሽ ያዢ፣ ሳል አድርጊ» ይላል። የኦፕራሲዮን ሕመም የሚለካው በሳልና በመገላበጥ ነው። ያመመው ሰው አይስልም፣ በጥልቀትም አይተነፍስም፤ አክታው ውስጥ ይቀርና ሳንባ ምች ይከተላል።

ጀማሪውን የሚያሞኘው የወገብ ማደንዘዣው ነው። ከኦፕራሲዮን ክፍል እንደወጣች ሲጠይቃት «ምንም» ትለዋለች፤ ዜሮውን አሳምሮ ጽፎ ምሳ ይወጣል። ሞርፊን የሚባለው ኃይለኛ ማስታገሻ ያልተጨመረበት ማደንዘዣ ግን ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቢቆይ ነው። የዓሣ ለብለቡ ሳይቀርብ ስልኩ ይጮኻል።

ተመልሶ በሆድ ጎንና ጎን ብሎክ፣ ማለትም ነርቭ የሚያደነዝዝ መርፌ፣ ይሰጣታል። ማደንዘዣው፣ 0.5 ፐርሰንት ቡፒቫኬይን፣ በእኩል ሴላይን (የጨው ውሃ) ቀጥኖ ለያንዳንዱ ጎን 20 ሚሊ ሊትር ይገባል፤ ድምሩ 100 ሚሊ ግራም ነው። በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ብሎ ለሚቆጥር ሰው፣ 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ጣሪያው ይኸው ነው፤ «ትንሽ ልጨምርላት» የሚባል ቸርነት መርዝ ሆኖ ልብና አንጎል ድረስ ይዘልቃል። ብሎኩ ደግሞ ቆዳውንና ጡንቻውን እንጂ ማኅፀን ሲኮማተር የሚመጣውን ቁርጠት አይዝም። ቁርጠቱ ሲነሳ ጀማሪው መርፌዬ ሳተ ብሎ ይሸማቀቃል። የጎደለው ቁርጠቱን የሚያስታግሰው ዲክሎፌናክ ነበር።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን «ካመማት ይሰጥ» የሚለው ኦርደር፣ የሐኪሙ የጽሑፍ ትእዛዝ፣ ነው። እሷ ሲስተርን ማስቸገር ነውር ነው ብላ አትጠራም፤ ሲስተር ደግሞ ካልተጠራች አላመማትም ትላለች። ስለዚህ «ካመማት ይሰጥ» ማለት በተግባር «አይሰጥ» ማለት ነው። ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ አመመም አላመመም፣ ተብሎ ቢጻፍ ግማሹ ጣጣ ይቀር ነበር። ለዚህኛው የሰዓታችን ነገር እንኳ አያስቸግርም፤ ቻርቱ በፈረንጅ 6 እና 12 ሲል አስታማሚዋ በሐበሻ 6 እና 12 ብላ ብትጠብቅም ይገጥማል። ጠዋት 6 እና ማታ 6 ተብሎ የተጻፈውን ዲክሎፌናክ ግን እኩለ ቀንና እኩለ ሌሊት ትጠብቀዋለች።

ይህ ሁሉ አልበቃ ሲል ሞርፊን ይመጣል። 10 ሚሊ ግራሙ በሴላይን 10 ሚሊ ሊትር ተደርጎ፣ ሁለት ሁለት ሚሊ ግራም እየተባለ በየ5 ደቂቃው በደም ስር ይሰጣል። ሲበዛ ብዙውን ጊዜ ከትንፋሽ ቀድሞ የሚደክመው ንቃት ነው። ቤተሰብ «እሰይ፣ እንቅልፍ ወሰዳት!» ብሎ መጋረጃ ሲስብ፣ ሬዚደንቱ ትከሻዋን ሊነቀንቅ ይደርሳል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እሱ የቤቱ ጠላት ነው። እምቢ ብትነቃና ትንፋሿ በደቂቃ ከ10 ቢወርድ የሞርፊን ማርከሻው ናሎክሶን አለ፤ 0.4 ሚሊ ግራሙ በ10 ሚሊ ሊትር ቀጥኖ አንድ አንድ ሚሊ ሊትር እየተባለ ይሰጣል። ደንግጦ ሁሉንም በአንዴ የገፋ ሰው ታካሚዋን ከነሙሉ ሕመሟ ይቀሰቅሳታል። ናሎክሶኑም ከሞርፊኑ ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ ነቃች ተብሎ ወደ ቤት አይኬድም።

ትንፋሽ ደግሞ የሚቆጠረው ሙሉ አንድ ደቂቃ ነው። ሬዚደንቱ ዓይኑን ደረቷ ላይ ተክሎ «ሰባት፣ ስምንት» ሲል አዲስ ጠያቂ ሙዝ በፌስታል አንጠልጥለው ይገባሉ።

«እንደምን ዋሉ ዶክተር? ሥራ እንዴት ነው? ቤተሰብ ደህና?»

ለትልቅ ሰው ዝም አይባልም። ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ ደህና ነዎት?» ይላል፤ ከዚያ ከአንድ ይጀምራል።