ማስተካከያ፦ ስለ ኤክስታሲና ስለ ጦጣዎቹ ጥናት

ባለፈው ሳምንት ለየካ አባዶ ወላጆች ባሰራጨሁት ጽሑፍ፣ ኤክስታሲ የተባለው አነቃቂ ዕፅ ለአንድ ሌሊት ብቻ ቢወሰድ እንኳ ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚያመነጩ የአንጎል ነርቮችን እንደሚያጠፋና ሰውነትን ለሚያንቀጠቅጠውና እንቅስቃሴን ለሚያዘገየው የፓርኪንሰን በሽታ እንደሚያጋልጥ የገለጽሁት ስህተት ነው። መነሻዬ እ.ኤ.አ. በ2002 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ፣ በጦጣዎችና በዝንጀሮዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር፤ ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በ2003 በዚያው መጽሔት ባወጡት የመሻሪያ መግለጫ እንዳስታወቁት፣ የጠርሙሶቹ መለያ ወረቀት ተለዋውጦ ስለነበር እንስሳቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተወጉት ኤክስታሲን ሳይሆን ሜታምፌታሚን የተባለውን ሌላ አነቃቂ ዕፅ ነው። ይህ ደግሞ ዶፓሚን አመንጪ ነርቮችን እንደሚጎዳ ከዚያ በፊትም የታወቀ ነበር። መሻሩን ሳላጣራ የመጀመሪያውን ዜና ብቻ ይዤ ጽፌአለሁ።

ኤክስታሲ ጉዳት የለውም ማለት ግን አይደለም፤ የሰውነትን ሙቀት ለሞት እስከሚያደርስ ከፍ ሊያደርግ፣ ከመጠን ያለፈ ውኃ ሲጠጣበትም በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል፤ ኤክስታሲ ተብሎ የሚሸጠው እንክብልም ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ይገኝበታል።

ልጃቸው አንድ ጊዜ መውሰዱን ነግረውኝ ስለ ፓርኪንሰን ለጠየቁኝ እናት «ያሰጋል» ብዬ የሰጠሁት መልስ መሠረት እንዳልነበረው በግንባር ነግሬአቸዋለሁ። ጽሑፉን በየብሎኩ መግቢያ የለጠፋችሁ እንድታነሱት እጠይቃለሁ።