በእጅ ማስተማር ለደሴ ሰው ብርቅ ነው እንዴ?

ሰሞኑን አንዲት የልዩ ፍላጎት አስተማሪ ልጄን አየችልኝና «ይሄ ልጅ በእጁ ነው መማር ያለበት» አለችኝ። ሳቄ መጣ። እኛ እኮ ከሸዋ በር እስከ ቧንቧ ውሃ በእጅ የተማርን ሰዎች ነን! ኩርኩሙ በእጅ፣ ቁንጥጫው በእጅ፣ ጥፊው በእጅ። እርሳስ ጣት መሃል ሰክቶ መጭመቅ ራሱ የእጅ ሥራ ነው፣ ያውም ጥበብ የሚጠይቅ።

ለካ እሷ ያለችው ሌላ ነው። ልጁ ፊደሉን በዓይኑ እያየ፣ ድምፁን ጮክ ብሎ እያለና እየሰማ፣ ቅርጹን ደግሞ በጣቱ እየዳሰሰ ሲማር አንዱ ሌላውን ይደግፈዋል ነው ነገሩ። እሱንስ መቼ አጣነው? የኛ ልጅ አርጩሜውን ያየዋል። ሲያፏጭ ይሰማዋል። መዳሰሱ ደግሞ አይቀርለትም።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ 3ኛ ክፍል። ቡ እና ቢ ይምታቱበታል። ትናንት ያነበበውን ቃል ዛሬ እንደ እንግዳ ያየዋል። ተረት ንገሩት ግን፣ ከነሳቁ ከነለቅሶው ይመልስላችኋል። አንዴ ቡን 100 ጊዜ ጽፈህ ና ተባለና 100 ጊዜ ቢን ጽፎ ሄደ፤ ስህተትን በዚህ ትጋት የሚያለማምድ የቤት ሥራ ሌላ አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። (አስተማሪውን ብዙ አልወቅስም፣ 61 ልጅ ነው የሚጠብቀው።) ከዚያ ካርዱ መጣ። 58ኛ ከ61።

እዚህ ላይ ለቡና ጎረቤቶቼ ያለኝን አክብሮት ሳልገልጽ ማለፍ ነውር ነው። ሐኪም ቤት ወረፋ አለ፣ እናንተ ጋ የለም። ሐኪም ይጠይቃል፣ እናንተ ታውቃላችሁ። አቦሉ ላይ «ሰነፍ ነው» ተባለ፣ ቶናው ላይ «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው»፣ በረካው ላይ «ዓይን ነው» ተብሎ ምርመራው ተዘጋ። አንዳችሁም ልጁ ሲያነብ ሰምታችሁት አታውቁም። እኔን የሚገርመኝ እንዲያውም ይሄ ነው፣ ሳያዩ ማወቅ።

መድኃኒቱም ወዲያው ታዘዘ። «ጭንቅላቱ እምቢ ካለ እጁን ማሠራት ነው፣ ኮምቦልቻ ጋራዥ ያለው ወንድሜ ጋ በሐረጎ ይውረድ» አሉኝ አንድ ጋሼ። ደግነታቸው አስለቀሰኝ። ጋራዥ ውስጥ የሚነበብ ነገር የለም ብለው ነው መሰለኝ።

ፈረንጆቹ እንዲህ ያለ ጎረቤት ስላልነበራቸው ብዙ ደክመዋል። በነሱ አቆጣጠር በ1880ዎቹ ሩዶልፍ በርሊን የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ለማንበብ ችግር «ዲስሌክሲያ» የሚል ስም አወጣለት። በ1896 ደግሞ፣ ያው የዓድዋ ዓመት፣ ፕሪንግል ሞርጋን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈ። ልጁ ብልህ ነው፣ ሒሳብ ይችላል፣ ማንበብ ግን አልሆንልህ ብሎታል፤ የገዛ ስሙን እንኳ ፊደል አፈራርቆ ነበር የሚጽፈው። አስተማሪው «ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ከትምህርት ቤቱ የሚወዳደረው አልነበረም» አለ። አያችሁ የዋህነት? አንድ ኩርኩም የሚበቃውን ልጅ፣ መጽሔት!

ከመቶ ዓመት በላይ ሲመረምሩ ኖረው የደረሱበት ደግሞ ስንፍናም አይደለም፣ የዓይን በሽታም አይደለም፣ አእምሮ ድምፅንና ፊደልን የሚያገናኝበት መንገድ ነው፣ በዘርም ይወርዳል የሚል ነው። በዘር ይወርዳል የሚለውን ስሰማ ባለቤቴ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር «አንቺ አንብቢው፣ መነጽሬን ረስቻለሁ» የሚለው ትዝ አለኝ። መነጽር የለውም።

ጣልያኗ ሞንቴሶሪም አለች። በ1907 ሮም ላይ ለድሃ ልጆች ቤት ከፍታ፣ ፊደሉን በብርጭቆ ወረቀት ሠርታ በጣት አስዳሰሰቻቸው። ብርጭቆ ወረቀት! እኛ በር ስናለሰልስበት።

መቼም የኛ አባቶች አያውቁም ነበር አይባልም። የኔታ ዘንድ ልጁ ፊደሏን አንድ በአንድ በስንደዶ እየነካ፣ ጮክ እያለ ነበር የሚቆጥረው። ሸኾቹ ዘንድ ደግሞ ሉሁ፣ ማለት የእንጨት ሰሌዳው፣ ላይ በገዛ እጁ ይጽፋል፣ ጮክ ብሎ ይቀራል፣ ያጥባል፣ እንደገና ይጽፋል። ወሎ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይዞ ኖሯል። እኛ ስንዘምን ስንደዶውንም ሉሁንም ጣልንና አለንጋውን አስቀረን። ቅርስ መጠበቅ እንዲህ ነው።

እኔ ግን ምክር የማልሰማ ሆኜ ትሪ ላይ አሸዋ አፈሰስኩለት። አሸዋውን ጎረቤት ቤት ከሚሠሩት ለምኜ ነው፣ ሁለት ጣሳ። በጣቱ ቡን ይጽፋል፣ «እጇ ወገቧ ላይ» ይላል። ቢን ይጽፋል፣ «እግሯ ላይ» ይላል። እንጀራ በማይጋገርበት ቀን ከስንዴ ሊጥ ያድቦለቡላቸዋል። መደመሩን በባቄላ ነው የያዝነው፣ አሥር አሥሩን እየከመረ፣ አንዳንዱን እየበላ። ፊደላችን 231 ነው፣ እኛ በሁለት ሳምንት የጨረስነው የበን ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ሰኞ የያዘው ማክሰኞ ይጠፋዋል፣ ረቡዕ ይመለሳል። እየቆጠርን እንይዛቸዋለን፣ በ አንደኛ፣ ቡ ሁለተኛ፣ ቢ ሦስተኛ እያልን።

ቅዳሜ ለታ እትዬ ለቡና መጡ። ልጁ ትሪው ላይ አቀርቅሯል። ሰላምታውም ሳይደርስ፣ እንደ ወጉ፣ «ስንተኛ ነህ የኔ ጌታ?» አሉት። እሱ ጣቱን ከአሸዋው ሳያነሳ «ሦስተኛ!» አላቸው።

እልልታቸው የጦሳን ተራራ ተሻገረ። አንገቱን ሳሙት፣ 50 ብር መዳፉ ውስጥ ጠቀጠቁለት፣ ወደኔ ዞረውም «አላልኩሽም? ኩርኩም እኮ ነው!» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ቢ ሦስተኛ ናት።