ዓለም ማየት

በአማርኛ አንድን ሰው «ዓለማዊ» ስንለው ማሞገሳችን አይደለም። ጾም ጸሎት የማያውቅ፣ ለሆዱና ለጭፈራው ያደረ ማለታችን ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ወደ ስዊድን ስመጣ አገሪቱ እጅግ ዓለማዊ እንደሆነች ያልነገረኝ ሰው ስላልነበረ፣ በልቤ ስዬ የመጣሁት ሥዕል ምን እንደሚመስል ለመገመት አያዳግትም። እናቴም አውሮፕላን ማረፊያ ስትሸኘኝ ያሳሰባት ብርዱ ሳይሆን ይኸው ነበር፤ «ማተብህን እንዳትበጥስ» ብላ ነው ያሰናበተችኝ። ይህችው እናቴ ግን ስመረቅ «ዓለሜን አየሁ» ብላ እልልታዋን ያቀለጠች ሴት ናት። ሠርጌን ስትመኝም «የልጄን ዓለም ሳላይ አትውሰደኝ» እያለች ስለት ትሳል ነበር። ቃሉ አንድ ነው፤ በሰባኪው አፍ ኃላፊና ከንቱ፣ በእናት አፍ ደግሞ ድግስ፣ ደስታና የልጅ ወግ ማዕረግ ይሆናል። ይህን ሁለት መልኩን ልብ ያልኩት አገሬ ሳለሁ አይደለም፤ በእግዚአብሔር አላምንም ከሚሉ አንዲት የስቶክሆልም ጎረቤቴ ጋር መቃብር ሥፍራ ከሄድኩ በኋላ ነው።

ጎረቤቴ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። (ስዊድኖች ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አንቱታን እየተዉ ስለመጡ በቋንቋቸው «አንቺ» እላቸዋለሁ፤ በአማርኛ ስጽፍ ግን እጄ እሺ አይለኝም።) በሕፃንነታቸው ተጠምቀው፣ በቤተ ክርስቲያን ተድረው፣ ከአባልነት የወጡት ጎልማሳ ሳሉ ነው። በዚህም ብቻቸውን አይደሉም። የስዊድን ሉተራናዊት ቤተ ክርስቲያን እስከ እ.ኤ.አ. 2000 መባቻ ድረስ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ በ1972 ከሕዝቡ 95 በመቶ ያህሉ አባሏ ሲሆን፣ ዛሬ የቀረላት ከግማሹ እምብዛም አይበልጥም። ከቀሩትም እሑድ ጠዋት የሚታየው ጥቂቱ ነው። የእኛ ምእመናን ለዓመታት ከሰዓት በኋላ እየተከራዩ ይቀድሱበት ከነበረው የስዊድኖች ቤተ መቅደስ፣ ባለቤቶቹ ሲወጡ የምናየው በጣት የሚቆጠሩ አረጋውያንን ነበር፤ እኛ ስንገባ ደግሞ ጫማ ማስቀመጫ ይጠፋል። ይህን እያየን «እነዚህ ሰዎች በምን ተስፋ ይኖራሉ?» እንባባል ነበር። በጥያቄያችን ውስጥ ከአዘኔታው ይልቅ ትዕቢቱ ይበዛ እንደነበር አሁን ይታየኛል።

በስዊድን ከኦክቶበር 31 እስከ ኖቬምበር 6 ባለው ጊዜ የሚውለው ቅዳሜ የቅዱሳን ሁሉ ቀን ነው። በዚያ ሰሞን በስቶክሆልም ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ሳይሞላ ነው። ጎረቤቴ ሁለት ሻማና አንድ ክብሪት በፌስታል ይዘው በሬን አንኳኩና «ሥራ ከሌለህ አብረን እንሂድ» አሉኝ። በአረንጓዴው መስመር ባቡር ወደ ደቡብ ተጉዘን ስኩግስሽርኮጎርደን ወረድን፤ ትርጉሙ «የጫካው መካነ መቃብር» ማለት ነው። ሥፍራውን የነደፉት በ1915 የተደረገውን ውድድር ያሸነፉት አርክቴክቶች ጉናር አስፕሉንድና ሲጉርድ ሌቨረንትስ ናቸው። ጥዱን መንጥረው መቃብር አልደረደሩም፤ መቃብሩን በጥዱ መካከል አስገቡት። ዩኔስኮም በ1994 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በቀን ብርሃን ሲገቡበት በአንድ ወገን ዛፍ የተተከለበት ለምለም ኮረብታ፣ በሌላው ወገን ትልቅ የጥቁር ድንጋይ መስቀል ይታያል።

ያን ዕለት ግን መስቀሉም ኮረብታውም ዓይኔ አልገቡም። ያየሁት ሻማ ብቻ ነው። በየመቃብሩና በየጥዱ ሥር የተቀመጠ ስፍር ቁጥር የሌለው መብራት፣ በመካከሉም ኮቴውን እንኳን ሳያሰማ የሚሄድ ሕዝብ። ሕፃናት በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ያላወቋቸውን አያት ስም ይጠይቃሉ። ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ልብ ሆኖ ሲጓዝ ከጥምቀት ከተራ በቀር አይቼ አላውቅም፤ የእኛው በእልልታና በከበሮ ነው፣ የእነሱ በዝምታ።

የጎረቤቴ ባል ስማቸው የተጻፈበት ድንጋይ የላቸውም። አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዳቸው ያረፈው «ሚኔስሉንድ» በሚባለው የጋራ መታሰቢያ ሥፍራ ነው፤ ሠራተኞቹ ቤተሰብ በሌለበት ያሳርፉታል፣ የትኛው ጋ እንደሆነም አይነገርም። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ስንት ቀን ስንዞር፣ ስንት ገንዘብ ስናዋጣ የኖርን ሰዎች ነንና መቃብርን ከነቦታው መጥፋት እንደ ሁለተኛ ሞት ነው የምናየው። እሳቸው ግን ሻማቸውን ለኩሰው ከሌሎቹ መካከል አስቀመጡ፣ ነፋሱንም በመዳፋቸው ከልለው ጥቂት ቆዩ። አንደበቴን መግታት ስላልቻልኩ «ማን ያየዋል ብለው ነው የሚያበሩት?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ጨለማ ነው እኮ» አሉ። ከዚያም ባላቸው ቡና ባፈሉ ቁጥር እንደሚያቀጥኑባቸው፣ በዚህም አርባ ዓመት እንደተጨቃጨቁ እየሳቁ አጫወቱኝ።

ሌላ ዓለም ይክሰኛል ብሎ የማይጠብቅ ሰው ይህንኛውን እንደ ዘረፋ ዕቃ የሚሻማው ይመስለኝ ነበር። በጎረቤቴ ያየሁት ግን ጥንቃቄን ነው። ባላቸው ሌላ ቦታ ይኖራሉ ብለው ስለማያስቡ፣ እዚህ የኖሩትን ኑሮ ከቀጭን ቡናው ጋር ሳይቀር ይዘውታል። በነሐሴ መጨረሻ ጸበል እንደሚሄድ ሰው በማለዳ ተነስተው ጫካ ይገባሉ፤ «ካንታሬል» የሚባለውን ቢጫ እንጉዳይ ይለቅማሉ። ከሰው ጓሮና ከእርሻው እስከራቁ ድረስ በግል መሬትም ቢሆን መራመድና የዱር ፍሬ መልቀም በስዊድን የማንኛውም ሰው መብት ነው፤ ከ1994 ጀምሮም በሕገ መንግሥታቸው ሰፍሯል። በጫካ ውስጥ ማውራት አይወዱም። አንድ ቀን ስልኬ ሲጮኽ ያዩኝ አስተያየት፣ ልጅ ሆኜ በቅዳሴ መካከል ስንሾካሾክ አያቴ ይገላምጡኝ የነበረውን ዓይነት ነው። መካነ መቃብሩን ከነደፉት አንዱ የሆነው አስፕሉንድም የሞተው ትልቁ የአስከሬን ማቃጠያ ባለቀበት በ1940 ነው፤ እዚያው ባለው መታሰቢያው ላይ የተጻፈለትም «ሥራው ሕያው ነው» የሚል ብቻ ነው። ስለ ሰማይ አንዳች አይልም። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው የእኛ ተረትስ ቢሆን ስለ ሰማይ ምን ይላል?

ይህን ስል የፈረንጅ ነገር ሁሉ ማርኮኝ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በስዊድን ሕግ አስከሬን እስከ አንድ ወር ሳይቀበር ሊቆይ ይችላል፤ ብዙውም ሁሉም ዘመድ የሚመቸው ቀን እስኪገኝ ሳምንታት ይጠብቃል። ያለ ምንም ሥርዓትና ያለ ሸኚ በቀጥታ ወደ ማቃጠያው የሚሄድም አለ፤ «ዲሬክታሬ»፣ «ቀጥታ» እንደማለት፣ ይሉታል፣ እንደ ባቡር ትኬት። በተጨማሪም ገቢ ያለው ነዋሪ ሁሉ፣ ክርስቲያን ሆነ ሙስሊም ወይም ምንም፣ ከግብሩ ጋር የቀብር መዋጮ ይቆረጥበታል፤ መቃብሩም፣ ማቃጠያውም፣ መሰናበቻ አዳራሹም የሚሟላው በዚያ ነው። መጀመሪያ ስሰማ «መንግሥት እድር ሆነ በሉኛ» ብዬ ሳቅሁ። በእርግጥም እድር ነው፤ ድንኳን የሚተክል እጅ የሌለው እድር።

እናቴ ያረፈች ጊዜ መርዶውን የነገሩኝ ጓደኞቼ እንደ ወጉ ገና ሳይነጋ ተሰብስበው መጥተው ነው። ረፋድ ላይ በሁለት ክፍል ቤቴ ውስጥ ከሠላሳ የማያንስ ሰው ነበር፤ ጫማው ከበር አልፎ ደረጃው ላይ ተከምሯል። ጩኸቱን የሰሙት ጎረቤቴ ደንግጠው መጡ። ወንበር ተለቀቀላቸው፣ ንፍሮ ተዘገነላቸው፤ ቋንቋውን ሳይሰሙ ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ሲወጡ በሩ ላይ የነገሩኝን አልረሳውም፤ «ባሌ ሲሞት ሰዎች እንዳይረብሹኝ ብለው ራቁኝ» አሉ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ወዳጆቻቸው በደግነት እንዳደረጉት ያውቃሉ።

ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። ሽሮ ሜዳ የደረስኩት በሰልስቷ ነው። የሰፈራችን እድር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ነው፤ አባል ሲመዘግብ መዋጮውን ትችላለህ ወይ ይላል እንጂ ታምናለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። እንግዲህ ዓለማዊ ተቋም ከዚህ ሌላ ምን አለ? በድንኳኑ ፊት ለፊት ሰባኪው ዓለም ጥላ እንደሆነች፣ ሰውም እንደ አበባ እንደሚረግፍ ያስተምራሉ። ከድንኳኑ ጀርባ ደግሞ ሴቶቹ ጥቁር ነጠላቸውን አገልድመው ሽሮ ያማስላሉ፣ ጀርባቸው ላይ በቀይ ቀለም የእድሩ ምልክት ያለባቸውን ሰሃኖች አንድ ሽማግሌ እየቆጠሩ ያስረክባሉ፣ አንድ እንኳን እንዳይጎድል በብዕር ይጽፋሉ። ልጆች በድንኳኑ ገመድ ይዘላሉ። አንዷ ጎረቤታችን ወጡን ቀምሰው «ጨው በዝቷል፤ እትዬ እንዲህ አይወዱም ነበር» አሉ። ሌላይቱ አልተከራከሩም፤ ውኃ ጨመሩበት። ሦስት ቀን የሞላት እናቴ እንዳይከፋት ተብሎ ወጡ ቀጠነ። ስብከቱን በጽሞና እንደሰማሁ አልክድም፤ እንባዬን ያመጣው ግን የወጡ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ በሁለቱም አገር ትርጉምን አሽገው የሚሸጡትን ትዕግሥት አጥቼ ነው የማያቸው። ስቶክሆልም ላይ በየወሩ እየተከፈለ በስልክ የሚሰማ የተመስጦ ትምህርት ሞልቷል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አነቃቂ ንግግር። ሁለቱም ሰውየውን ብቻውን ወንበር ላይ አስቀምጠው ስለራሱ እንዲያስብ ያዙታል። ወጡን ቀምሶ የሚያቀጥን ጎረቤት አይልኩለትም። በኮንዶሚኒየሙ ኑሮ እድር እየሳሳ፣ ለቅሶውም ለቅጥር ምግብ አቅራቢ እየተሰጠ እንደሆነ የሚነግሩኝ ዘመዶቼ ነገሩን እንደ ሥልጣኔ ይቆጥሩታል፤ ሲደክሙ ስላየኋቸው ልፈርድባቸው አልችልም፣ ደስ ግን አይለኝም።

ባለፈው የቅዱሳን ቀን ጎረቤቴ ጉልበታቸው አልሄድ ብሏቸው ሻማቸውን ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ለእናቴ አንድ ጨምሬ ብቻዬን ሄድኩ። እናቴ ያረፈችው እንጦጦ ሥር ነው፤ በሚኔስሉንዱ ግን ሙታቸው ሌላ ቦታ ለተቀበረባቸውም ቦታ አይጠፋም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ዝናብ ያካፋ ነበር። ስወጣ ስልኬ ጮኸ፤ «በራ?» አሉ።

«በርቷል» አልኳቸው።

«የእናትህስ?»

«ነፋሱ ሁለቴ አጠፋብኝ፤ ከባለቤትዎ ሻማ ለኮስኩት።»

«ጎሽ» አሉ፤ «እሱም ሥራ አገኘ።»