ዝግጁ ያልሆነው ማን ነው?

ባነበብኩት አንድ ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው የኦንላይን የመንግሥት አገልግሎት በአገራችን የሚጓተተው ኅብረተሰቡ ለቴክኖሎጂ ዝግጁ ስላልሆነ ነው ማለታቸው ከፊል እውነትነት ቢኖረውም፣ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቴሌብር ብዙም ያልተማሩ ነጋዴዎች ጭምር በየዕለቱ እንደሚገለገሉበት ከግምት ያስገቡ አይመስለኝም። ሰው ጥቅሙን ካየ ይለምዳል።

በየክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ያሉትን የኢንተርኔት ቤቶች ላስተዋለ ግን ችግሩ ሌላ መልክ አለው፤ ባለጉዳዩ ከፍሎ ቅጹን ያስሞላል፣ ኢሜይሉን የሚከፍትለትም የይለፍ ቃሉን የሚመርጥለትም እዚያ የሚሠራው ልጅ በመሆኑ፣ ማመልከቻው የት እንደደረሰ ለማወቅ ያንኑ ልጅ ፍለጋ መመለስ ግድ ይሆንበታል። በብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ በፋይዳም ቢሆን የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው በተመዘገበው ስልክ ስለሆነ፣ በልጃቸው ስልክ የተመዘገቡ አዛውንት ልጁ በሌለበት ይቸገራሉ።

ይህ ሁሉ የሕዝቡ ድክመት ነው ከተባለ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ከሰጠ በኋላም «ፕሪንት አድርገህ፣ ማኅተም አስመትተህ አምጣ» የሚለውን ሠራተኛ ምን እንበለው? «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ እንኳ ለጊዜው ልተወው።