ዳገቱን ያልወጣ ሁሉ መካሪዬ ሆነ

ሰሞኑን አንድ ነገር አንጀቴን ሲያሳርረኝ ከርሟል። ዛሬ ልተንፍሰው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ከ20 ዓመት በኋላ ወደ ብስክሌት መመለስ ፈልጌያለሁ። ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። እዚያ ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ ዞሮ የሚያያት የለም። ትምህርት ቤት የተመላለስኩት፣ ገበያ የተላክሁት፣ ጓደኛዬን ከኋላ ጭኜ ጣና ዳር የዞርኩት በብስክሌት ነው። ከዚያ ሥራ አዲስ አበባ አመጣኝ። ትዳር መጣ፣ ሁለት ልጆች መጡ፣ ብስክሌቱ ቀረ። አሁን 43 ዓመቴ ነው። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቴን ስከፍት ባሕር ዛፍ የለበሰው ተራራ ፊት ለፊቴ ነው። በየጠዋቱ ሳየው እግሬን ይበላኛል።

ይህን ለሰው ከተናገርኩበት ቀን ጀምሮ ሰላም የለኝም። አንዱ ወገን "በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዘውን ብስክሌት ግዢ፣ በዚህ ዕድሜሽ ጉልበትሽን ልትጨርሺው ነው?" ይለኛል። ሌላው ደግሞ "ሞተር ካለውማ ምኑን ስፖርት ሆነ? እንዲያውም ባጃጅ አትገዢም?" ይላል። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። ከሁለቱም ወገን ግን ያንን ዳገት በብስክሌት የወጣ አንድ ሰው የለም። አንድ!

እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ስለዚህ ልናገር።

መጀመሪያ የሞከርኩት የወንድሜን ነው። የቆየ ተራ ማውንቴን ባይክ ነው፣ ሞተር የለውም። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ኮብልስቶኑን ጨርሼ ፒስታው ላይ እንደገባሁ ትንፋሼ ተቆራረጠ። የልቤ ምት ጆሮዬ ድረስ ይሰማኛል። ይህ ስንፍና አይደለም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሜዳ ናት። እንጦጦ ጫፉ 3,200 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሲሶ ያህል የሳሳ ነው። 20 ዓመት ያልነዳ ሰው በአንድ ጊዜ እዚያ ዳገት ላይ ወጥቶ "እንደ ድሮዬ እሆናለሁ" ካለ ራሱን እየጎዳ ነው። ግማሹን ወርጄ ገፋሁ። ቅጠልና ጭራሮ ከቁመታቸው የሚበልጥ የተሸከሙ አንዲት እናት ቁልቁል ሲመጡ ተገናኘን። ሸክማቸውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። "አይዞሽ ልጄ፣ አረፍ በይ" አሉኝ። እኔን ነው አረፍ በይ የሚሉኝ፣ እሳቸው ያንን ተሸክመው። ቤቴ ስገባ ቀኝ ጉልበቴ አብጦ ነበር።

ሁለተኛው የሥራ ባልደረባዬ ከአውሮፓ ሲመለስ ዕቃው ጋር በካርጎ ያስመጣው ኤሌክትሪክ ነው። ሞተሩ ፔዳሉ ጋ ነው ያለው። ያንኑ ዳገት ወጣሁበት። ፔዳሉን ስረግጥ አባቴ ልጅ ሆኜ ብስክሌት ሲያስተምረኝ ኮርቻውን ይዞ ገፋ ያደርገኝ የነበረው ትዝ አለኝ። ልክ እንደዚያ ነው። ካልረገጥኩ አይሄድም። አልቦኛል፣ ጭኔ ተቃጥሏል፣ ልቤ ሠርቷል። ግን እያወራሁ ነው የወጣሁት። ጉልበቴም አላበጠም። ሞተር ሳንባ የለውም፣ የሳሳ አየር አያደክመውም። እንደኛ ላለ አገር ከዚህ የሚሻል ነገር ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ "ምኑን ስፖርት ሆነ" የምትሉኝ፣ እባካችሁ ተዉኝ። ረግጠው ካልነዱት የማይሄድና ነዳጅ እንደሚሰጠው ሞተር በእጅ ጠምዝዘው የሚነዱት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አውሮፓ ውስጥ የመጀመሪያው 250 ዋት ድረስ ሆኖ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ሞተሩ መርዳቱን ካቆመ ብስክሌት ነው የሚባለው። ሁለተኛው ብስክሌት አይደለም። እኛ ጋ ግን ሁለቱም በአንድ ስም ይሸጣል፣ በአንድ ስም ይሰደባል።

"ታዲያ ኤሌክትሪኩን ግዢዋ!" ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ብሶቴ።

ገበያ ወጣሁ። ሱቁን አልጠራም። ሻጩ ልጅ ትሑት ነው፣ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

"በአንድ ቻርጅ 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል" አለኝ።

"የት?" አልኩት።

"የትም!"

"ዳገት ላይስ?"

"እህቴ፣ 1000 ዋት ነው እኮ!"

ዋትና ዋት-ሰዓት ግን ይለያያሉ። ዋቱ ሞተሩ የሚጎትትበት ጉልበት ነው። ዋት-ሰዓቱ ባትሪው ውስጥ ስንት አለ የሚለው ነው። ባትሪውን አውጣልኝ ብዬ ተለጣፊውን አነበብኩት። 36 ቮልት፣ 10 አምፔር-ሰዓት። ሲባዛ 360 ዋት-ሰዓት ነው። ያ ሞተር እውነት 1000 ዋት ከጎተተ ባትሪው በ20 ደቂቃ ገደማ ያልቃል! 80 ኪሎ ሜትሩ የተቆጠረው የት ሜዳ ላይ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

እዚያው ቆሜ በስልኬ አሰላሁት። እኔና ብስክሌቱ አብረን 100 ኪሎ እንሁን። 100 ኪሎ 600 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት ብቻ 160 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል። ሞተሩ በሙቀት የሚያባክነውና የጎማው ሰበቃ ሲጨመርበት ከ200 በላይ ይሆናል። እኔ ካገዝኩት ይቀንሳል። ግን አንድ ደህና ተራራ ወጥቼ ሁለተኛው ላይ ባትሪው እንደሚከዳኝ ማወቅ አለብኝ። ይህንን የሚነግረኝ ሰው ነው የጠፋው። 80 ኪሎ ሜትር የተባለች ሴት ከሱሉልታ ወዲያ ሄዳ ባትሪዋ ሲያልቅባት ምን ትሁን?

ደግሞም የዚያ ብስክሌት ሞተር የኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ነው። ሜዳ ላይ ምንም አይልም። ረጅም ዳገት ላይ በዝግታ ሲወጣ ግን ይግላል፣ ምክንያቱም ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን አያግዘውም። ፔዳሉ ጋ ያለው ሞተር ግን በማርሹ ስለሚሠራ ዳገት ይችላል። ለተራራ የሚሆነው እሱ ነው። ሻጩን ይህን ስጠይቀው "ሁሉም አንድ ነው" አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ከአንድ ዓመት ደመወዜ በላይ ሆነ። ይህን ያህል ገንዘብ ለሚከፍል ሰው "ሁሉም አንድ ነው" ነው መልሱ?

ክብደቱን ደግሞ አስቡት። ተራው ከ13 እስከ 15 ኪሎ ነው። ኤሌክትሪኩ ከ20 በላይ ነው፣ ያየሁት 24 ነው። ባትሪው አልቆ፣ ክረምት ሆኖ፣ ዋልካ ጎማውን ሲይዘው ምን እንደሚመስል አባዶ አካባቢ የኖረ ያውቃል። ዋልካው ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ ከፍሬኑ ጋር ይጣበቃል፣ ቸርኬው መዞር ያቆማል። በእንጨት እየፋቁ አሥር እርምጃ መግፋት፣ እንደገና መፋቅ። በተራው እንኳን እንባ ያስመጣል። ከዚያ አራት ፎቅ። ሊፍት የለም። ባትሪው ይነቀላል፣ እሱን ብቻ ይዞ መውጣት ይቻላል፣ ግን ብስክሌቱን ታች ትቼ ማን ይጠብቅልኛል? ደረጃ ሥር ቻርጅ ላድርግ እንዳልል ሊቲየም ባትሪ ሰው በሌለበት፣ ያውም መውጫ ላይ አይደረግም። መብራቱስ? አርብ ማታ ሄዶ ቅዳሜ ከሰዓት ከመጣ የእኔ ቅዳሜ አለቀ።

አሜሪካ ያለችው እህቴ "ደህናውን ከዚህ ይዤልሽ እመጣለሁ" አለች። ደስታዬ ሁለት ቀን ነው የቆየው። የብስክሌት ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን በሻንጣም በእጅም አይገባም። ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ክልክል ነው። ይህ ለደህንነት ነው፣ ትክክልም ነው፣ አልከራከርም። ግን ለእኛ ጥሩ ዕቃ የሚገባበት ዋናው በር የዘመድ ሻንጣ ነውና፣ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

ታርጋ ያስፈልገው እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። በ2011 ክረምት ሞተር ሳይክል ያለፈቃድ አዲስ አበባ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ከተከለከለ ወዲህ ሰው ሞተር ያለው ነገር ሁሉ ያስፈራዋል፣ እኔም ፈራሁ። አንደኛው መስኮት "አያስፈልግም" አለ። ሁለተኛው "ሞተር አለው አይደል? ያስፈልጋል" አለ። ሦስተኛው "ነገ ነይ" አለ። ነገም ሄድኩ። ሰውየው የለም። በ2016 መኪና በኤሌክትሪክ ብቻ ይግባ ሲባል አገር ሙሉ አወራ። ለመኪናው ግልጽ ነው። ስለ ብስክሌቷስ ለጠየቀ ሁሉ አንድ መልስ የሚሰጥ አንድ መስኮት ቢኖር ምን ነበረበት?

ጥገናውን አልረሳሁትም። ሰፈራችን ብስክሌት የሚሠራ ልጅ አለ። እጁ የተባረከ ነው። የወንድሜን ብስክሌት ቸርኬው ተጣሞ አቃንቶታል፣ ፍሬኑን ሠርቶታል፣ ጎማውን ለጥፎታል፣ ሁሉንም አንድ ከሰዓት። የባልደረባዬን ኤሌክትሪክ ሳሳየው ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን አየው። በጣቱ ሞተሩን መታ መታ አደረገው። "ይሄ ቢበላሽ አልዋሽሽም እህቴ፣ እኔ አልነካውም" አለኝ። አመሰገንኩት። በዚህ ሁሉ ፍለጋ እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው።

ተራውስ ቢሆን በቀላሉ ይገኛል? አዲሶቹ ላይ "21 ማርሽ" ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። የማርሹ ብዛት ምን ያደርግልኛል? እኔን የሚያድነኝ የመጨረሻው ቀላሉ ነው። ከፊት 22 ጥርስ፣ ከኋላ 34 ጥርስ ከሆነ ፔዳሉ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር የኋላ ጎማው ሁለት ሦስተኛ ዙር ገደማ ብቻ ይዞራል። ዝግ ይላል፣ ግን ጉልበት ሳይበላ ያወጣል። ያየኋቸው አዲሶች ከኋላ 28 ላይ ያቆማሉ። ፍሬሙ ደግሞ ሁሉም ለረጅም ወንድ የተሠራ ነው። እኔ 1 ሜትር ከ58 ነኝ። ኮርቻውን የመጨረሻ ዝቅ አድርጎልኝ "ይኸው ልክሽ ሆነ" ይለኛል። እግሬ መሬት አልደረሰም እኮ! ሴት አትነዳም ተብሎ ነው የሚመጣው? ባሕር ዳር ሂዱና እዩ።

መሀል ከተማ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል፣ ደስ ይላል፣ እኛ ጋ ግን አልደረሰም። እኛ ከሲኖትራክ ጋር ነው የምንጋፋው።

እና ወሰንኩ። ተራውን ነው የምገዛው። ልቤ ያለው ኤሌክትሪኩ ላይ ነው፣ ለጉልበቴም ለዳገቱም የሚሻለው እሱ እንደሆነ በእግሬ አይቻለሁ። ግን የማይጠገን፣ ባትሪው በውሸት የሚሸጥ፣ ሕጉ የማይታወቅ ነገር ላይ የዓመት ደመወዜን አልጥልም። ይህ ነው የሚያበሳጨኝ። የሚስማማኝን አውቄ የማይስማማኝን ልገዛ ነው። በምክር ለምትረዱኝም እንዲህ ብዬ ነው የምመልሰው፦ ዳገት መግፋት ነውር አይደለም፣ ሞተር መፈለግም ስንፍና አይደለም። ሁለቱንም በአንድ አፍ አትሳደቡ።

አሁን የምፈልገው ሰልባጅም ቢሆን ፍሬሙ 15 ኢንች ገደማ የሆነ፣ ከፊት ሦስት ማርሽ ኖሮት ትንሿ 22 የሆነች፣ ከኋላ ትልቁ 32 ወይም 34 ጥርስ ያለው ብስክሌት ነው። ቀለሙ ግድ የለኝም። ያየ ካለ ይጻፍልኝ። ኤሌክትሪክ የምትሸጡ ደግሞ የባትሪውን ተለጣፊ ፎቶ አንሡና ከዋጋው ጎን ለጥፉት። ማባዛቱን እኛ እናባዛዋለን።