ግልጽ ደብዳቤ፦ ወጥ ቤታችን ጥግ ለተጎለቱት ክቡር ሲሊንደር

ጉዳዩ፦ ቅሬታን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እርስዎን ተሸክመን አለን። ተሸክመን ስል ለነገር ማሳመሪያ አይደለም። አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሊፍት የለውም። ሞልተው ሲመጡ 12.5 ኪሎ ጋዝ ነኝ ይላሉ፤ የለበሱት ብረት ግን ራሱን የቻለ ሌላ ሰው ነው። ባለፈው የተሸከመዎት ልጅ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አስቀመጠዎትና ላቡን እየጠረገ "እዚህ ዘመድ የላችሁም?" አለኝ።

እሱስ ይሁን። እኔን የሚገርመኝ ምስጢረኛነትዎ ነው። ስልክ ባትሪው ሲያልቅ ይናገራል። መኪና ነዳጅ ሲያልቅበት መብራት ያበራል። የመብራት ቆጣሪ እንኳ ስንት ብር እንደቀረን ያሳየናል። እርስዎ ግን ሲሞሉም ዝም፣ ሲያልቁም ዝም። እናነሳዎታለን፣ እንወዘውዝዎታለን፣ ጆሯችንን እንለጥፍብዎታለን። እናቴ ሙቅ ውሃ ጎንዎ ላይ ታፈስና በእጇ እየዳበሰች ቀዝቃዛው የት ጋ እንደሚጀምር ትፈልጋለች። ዘዴው እውነት ነው፤ ፈሳሹ ያለበት ቦታ ቀዝቀዝ ይላል። "እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ያደርሰናል" አለች። እስከ ፋሲካም አላደረሱንም።

ቅዳሜ ማታ ነበር። 55 ቀን ጾመናል። ሽንኩርቱ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲቁላላ ውሏል፣ እንቁላሉ ተቀቅሏል፣ ዶሮው 12 ብልቱ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ሎሚና ጨው ውስጥ ተዘፍዝፎ ተራውን ይጠብቃል። ሰማያዊው እሳት አጠረ። እንደ ጧፍ ተርገበገበ። ከዚያ ፍስስ ብለው አረፉ። ነፍስ ይማር ብለን ድስቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃው አዞርነው፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ሄደ። ትደዋወላላችሁ መሰለኝ።

ይቅርታ፣ ከዚህ በኋላ አንቱ ማለት አልችልም።

አንተ! በዚያ ሌሊት በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጥለን በስልክ መብራት ነው ዶሮ የሠራነው። ጎረቤት በጭሱ ይቆጣናል ብዬ እየፈራሁ ወደ ታች ባይ፣ የሦስተኛ ፎቋ እትዬም በረንዳቸው ላይ በሰፌድ ያራግባሉ። እሳቸውም አልቆባቸዋል። "እንኳን አብሮ አደረሰን" ተባባልን።

በሳምንቱ ላስሞላህ ወጣሁ። አንደኛው ሱቅ "ይሄ የኛ ሲሊንደር አይደለም" አለኝ። ሁለተኛው "የኛ ነው፣ ጋዝ ግን አልገባም።" ለምን? "ጅቡቲ ላይ ነው።" (የዚህ አገር ዕቃ ሁሉ ጅቡቲ ላይ ነው።) ሦስተኛው ጋዝም ሲሊንደርም ነበረው፤ አፉ ከኔ ሬጉሌተር ጋር አልገጥም አለ። ልጁ ከልቡ አዝኖልኝ "ሬጉሌተሩን ቀይረው" አለኝ። ትንሽ አሰበና "ጎማውንም ቀይረው፣ ምድጃህ ደግሞ ስንት ዓመቱ ነው?" ሲለኝ፣ ቀጥሎ ቤት ቀይር ሊለኝ ነው ብዬ ወጣሁ።

እህቴ ለንደን ናት። በዚያ ሰሞን ደውላ ምነው ድምፅህ ጠፋ ስትለኝ ጋዝ አልቆብን ነው አልኳት። "ጋዝ ደግሞ እንዴት ያልቃል?" ክፋት የላትም፣ ረስታው ነው። እዚያ ጋዝ እንደ ውሃ በመንገድ ሥር በቧንቧ ይመጣል፣ ቆጣሪ አለው፣ ሂሳብ ይከፈላል፣ አለቀ። ግን እሷም ቤት ቀይራ ጋዝ ላስገባ ባለች ጊዜ መስመሩን የሚዘረጋው ድርጅት ሌላ፣ ጋዙን የሚሸጠው ሌላ፣ ምድጃውን የሚገጥመው በሕግ የተመዘገበ ባለሙያ ደግሞ ሌላ ሆኖባት፣ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሁለት ወር በማይክሮዌቭ ኖራለች። ይህን ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ትንሽ።

እኛ ደግሞ ጋዝ አጥተን አይደለም እኮ። ኦጋዴን ውስጥ ካሉብ የሚባል ቦታ አለ። ጋዝ የተገኘበት በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ጃንሆይ ከዙፋን ሳይወርዱ ነው። ደርግ መጣ፣ ሶቪየቶች ቆፈሩ። ኢሕአዴግ መጣ፣ ማሌዥያዎች ሞከሩ፣ ከዚያ ቻይናዎች ገቡ። በ2011 ዓ.ም በቧንቧ ወደ ጅቡቲ ለመላክ ስምምነት ተፈረመ። ልብ በል፣ ወደ ጅቡቲ! የራሳችንም ጋዝ "ጅቡቲ ላይ ነው" ሊባል። በመስከረም 2018 ዓ.ም የመጀመሪያው ምዕራፍ ማምረቻ ሲመረቅ እናቴ ዜናውን ሰምታ እልል አለችና መጥታ አንተን ዳበሰችህ። "እማዬ፣ ያኛው ሜቴን ነው፣ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚጓዘው፤ ይሄ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፣ እዚህ ውስጥ አይገባም" ብላት፣ "አንተ ደግሞ ሰው ሲደሰት አትወድም" አለችኝ።

እንደ ለንደኑ ያለ የጋዝ ቧንቧ አንድ ቀን ሰፈራችን ቢደርስ የሚሆነውም ይታየኛል። ኮብልስቶኑን ለውሃ ቆፍረው በቅጡ ሳይደፍኑ ለፋይበር የቆፈሩት ሰዎች ለጋዝ ሲመለሱ የውሃውን ይበሱታል፣ የብሎኩ ኮሚቴ ስብሰባ ይጠራል፣ አንደኛ ፎቅ ያሉት "ለእኛ ሁለት ሜትር ቧንቧ ነው፣ ለምን እኩል እናዋጣለን?" ይላሉ፣ እኛ ከላይ ያለነው ስለ አንድነት እንናገራለን፣ ገንዘብ ያዡ ስልኩን ያጠፋል። ቢሆንም ምዝገባው በተጀመረ ቀን በሌሊት ተነስቼ እሰለፋለሁ።

አንድ ነገርህን ግን አመሰግናለሁ፣ ሽታህን። ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም፤ ሲያፈተልክ እንዲታወቅ ተብሎ ነው የሚጨመርበት። ታዲያ ስታፈስ መናገር የምታውቅ፣ ስታልቅ መናገር ምን አቃተህ?

ስለዚህ ቧንቧው እስኪገባ በጊዜያዊነት ሥራህ ላይ እንድትቆይ ተፈቅዶልሃል። ለገና ዋዜማ ፈቃድ አይሰጥም።

ከሠላምታ ጋር
የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለከሰል ምድጃ፣ በረንዳ (እንዳትርቂ)
ለሦስተኛ ፎቋ እትዬ
ለመብራት (ሲመጣ ይነበብለት)